ለጎሹ አይሰጥም

አንድ ባለ ወፍጮ ነበር። ስሙ መንገሻ ይባላል። የሚኖረው በአንዲት የወረዳ ከተማ ነው፤ መኖሪያውም ወፍጮ ቤቱም አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው። ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ ባለ ዳቦ ቤቱ ጎሹ አለ። አንዱ ይፈጫል፣ አንዱ ይጋግራል። ሚስቶቻቸው ወንፊት ይዋዋሳሉ፣ ልጆቻቸው አንዱ ቤት ምሳ በልተው ሌላው ቤት ያንቀላፋሉ። እንዲህ ያለ ጉርብትና ነው።

መንገሻ ደህና ሰው ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በኋላ ስስቅበት እንዳትጠሉት ነው። የቸገረው ሰው እህል ይዞ ቢመጣ ያለ ክፍያ ይፈጭለታል። ግን እንደማናችንም እጁ የሚጨበጥበት አንድ ቦታ አለው። የእሱ እጅ የተጨበጠው በኢንተርኔቱ ላይ ነው።

በሰፈሩ ዋይፋይ መጀመሪያ ያስገባው እሱ ነበር። ያን ጊዜ ደስታው ልክ ስላልነበረው የይለፍ ቃሉን ለጎሹም ሰጠው። ጎሹ ስልኩን ከዳቦው መደርደሪያ ላይ አስደግፎ ኳስ ማየት ጀመረ። አንድ እሁድ ታዲያ መንገሻ በኮምፒውተሩ ዜና እየተከታተለ ሳለ ምስሉ ቀጥ አለና የዜና አንባቢዋ አፏን እንደከፈተች ቀረች። በዚያችው ቅጽበት ከአጥሩ ወዲያ "ጎል" የሚል ጩኸት ተሰማ። መንገሻ ሁለቱን ነገር አገናኘ። ልጁን ማስተዋልን ጠራት።

"ይህን የይለፍ ቃል አሁኑኑ ቀይሪው።"

"ምን ልበለው አባዬ?"

ተናዶ ነበርና አፉ ላይ የመጣለትን ተናገረ። "ለጎሹ አይሰጥም በይው።"

ማስተዋል ቀልድ መስሏት ፊቱን አየች። ቀልድ አልነበረም። በላቲን ፊደል አያይዛ ጻፈችው፤ የቤቱ የይለፍ ቃል እሱ ሆነ።

በማግስቱ ጎሹ በአጥሩ በኩል ብቅ አለ። "መንገሻ፣ ኔትወርኩ ምን ሆነ?"

እዚህ ላይ መንገሻ "ስላስቸገረኝ ዘጋሁት" ቢል ኖሮ ነገሩ በትንሽ ኩርፊያ ያልፍ ነበር። ግን ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ፤ ሰውን ከመበደል አያግደንም፣ መበደላችንን ከመናገር ግን ያግደናል። "ተበላሽቷል" አለ መንገሻ። "እስኪያስተካክሉት ነው።"

ጎሹም "ይስተካከላል፣ አይዞህ" ብሎ ወደ ዳቦው ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ በለቅሶም በገበያም በተገናኙ ቁጥር ሰላምታውን ሲያበቃ፣ "ያ ነገር ተስተካከለ?" ይላል። መንገሻም መሬት መሬት እያየ "ገና ነው" ይላል። ዓመታት አለፉ። እንደዚያ ዋይፋይ ለረጅም ጊዜ ተበላሽቶ የኖረ ዕቃ ያለ አይመስለኝም።

በዚህ መሃል ማስተዋል አድጋ፣ ተምራ፣ በከተማው ጤና ጣቢያ ሥራ ያዘች። የአናጢው ልጅ ናሁሰናይ ወደዳት፤ እሷም ወደደችው። ቤተሰቦቹ ሽማግሌ ላኩ። የሽማግሌዎቹ መሪ ሆኖ የመጣው ጎሹ ነበር። በከተማው ውስጥ እንደሱ ቃል የሚያሳምር ስለሌለ ይህ ማንንም አልገረመም። ከእሱ ጋር አንድ አዛውንትና አንድ መምህር ነበሩ። መንገሻም እንደ ወጉ፣ "ከታላቅ ወንድሜ ጋር ልምከርበት" ብሎ ለመልስ ቀን ቀጠራቸው።

አባታቸው ከሞቱ ወዲህ የዚያ ቤት ትልቅ ሰው ታላቅ ወንድሙ አቶ ወርቁ ናቸው። ያለ እሳቸው ቃል ልጅ አይዳርም። እሳቸው ግን ቆላ ወርደው መንገድ ያሠራሉ። በመልሱ ቀን ከሰዓት በኋላ ኔትወርክ ወደማይደርስበት ሰፈር ሊገቡ ነው፤ የሚወጡትም ከፋሲካ በኋላ ነው። በስልክ እሺ ይበሉ እንዳይባል፣ "የወንድሜን ልጅ ለድምፅ አልሰጥም። ሽማግሌዎቹ ቆመው ሲጠይቁኝ በዓይኔ ማየት አለብኝ" ብለዋል። ስለዚህ በኮምፒውተር እንዲገናኙ ተስማሙ። ልጆቹ ሰርጋቸውን ከዐቢይ ጾም በፊት አስበዋል። ናሁሰናይ ከጾሙ በኋላ ሩቅ አገር ሥራ ይጀምራልና፣ በዚያ ቀን ካልሆነ ተለያይተው ሊከርሙ ነው። የአንዲት ልጅ ደስታ በአንድ ከሰዓት ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው።

መንገሻ ለዚያ ቀን ቤቱን አሰማመረ። ግድግዳው ተቀባ። መጋረጃው ታጠበ፣ የሶፋው ልብስ ተቀየረ። ቤቱን ሁሉ ካደሰ በኋላ ዓይኑ ኮምፒውተሩ ላይ አረፈ። ኮምፒውተሩ "አዲስ ስሪት መጥቷል፣ ልታደስ?" እያለ ከጠየቀ ቆይቷል፤ መንገሻ ሁልጊዜ "በኋላ" ይለው ነበር። በዋዜማው ግን፣ "ቤቱ ሁሉ ለእንግዳ ታድሶ አንተ ብቻ በአሮጌህ ልትቀር ነው?" አለና "ይታደስ" የሚለውን ነካ።

ይህን ስሕተት የሚሠራው ለእንግዳ የሚጨነቅ ሰው ብቻ ነው። ነገ ሽማግሌ የሚቀበል ሰው ዛሬ ኮምፒውተሩን አይነካካም። መንገሻ ግን አዲሱን ገጽታ ሲያይ ደስ አለው፤ ሚስቱን ውድነሽን ጠርቶ አሳያት። እሷም "ጎሽ፣ አማረበት" አለች።

የመልሱ ቀን ደረሰ። ማስተዋል እንደ ደንቡ ከቤት ወጥታ አክስቷ ዘንድ ሄደች። ሽማግሌዎቹ ገቡ። መንገሻ "ተቀመጡ እንጂ" አላቸው።

"ጉዳይ ይዘን ነው የመጣን" አለ ጎሹ በትሩን ተደግፎ። "ያመጣነው ነገር መልስ ሳያገኝ አንቀመጥም።"

"እንግዲያው ታላቅ ወንድሜ ይምጡ" ብሎ መንገሻ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። አቶ ወርቁ ጎላ ብለው እንዲታዩ ኮምፒውተሩ ከቴሌቪዥኑ ጋር ተያይዟል። ግን ወርቁ አልመጡም። በቴሌቪዥኑ መስኮት ላይ የታየው "መገናኘት አልተቻለም" የሚል ጽሑፍ ነው። እንደገና ሞከሩት፤ ያው ነው። የቤቱ ዋይፋይ ስም ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ኮምፒውተሩ አንኳኩቶ አንኳኩቶ ይመለሳል።

"እህ" አለ ጎሹ። "ያ ነገር ዛሬም አልተስተካከለም?"

መንገሻ የቴሌቪዥኑን ገመድ ነቅሎ መልሶ ሰካ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታዩ ትስቁ ነበር። በአገራችን አንድ ዕቃ ሲበላሽ ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ባለሙያ ነው። መምህሩ "የዋይፋዩን ሳጥን አጥፍታችሁ አብሩት" አሉ፤ መብራቶቹ ጠፍተው እንደገና በሩ፤ ምንም የለም። አዛውንቱ "ዋይፋዩን አዲሱ ቀለም አፍኖት ይሆናል፣ ከግድግዳው አውርዱት" አሉ። ሳጥኑ ወርዶ ወንበር ላይ ተቀመጠ። በቤቱ ውስጥ የተቀመጠው እሱ ብቻ ነበር። ውድነሽ መጋረጃውን ሰበሰበች። ኮምፒውተሩ ተዘግቶ ተከፈተ። በስልካቸው ዳታ እንዳይሞክሩ፣ በዚያ ሰፈር ዳታው ለጽሑፍ መልእክት እንጂ ለሰው ፊት አይበቃም።

የመንገሻ ስልክ ጮኸ። አቶ ወርቁ ናቸው። "የት ናችሁ? መኪናው ሞተር አስነስቷል፣ ሾፌሩን በልመና ነው ያቆየሁት።"

"መጣን ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሡን" አለ መንገሻ።

አዛውንቱ ክብደታቸውን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው አዛወሩ። "እኔ እኮ" አሉ ለጎሹ በሹክሹክታ፣ "ልጅቷን ባይሰጡን እንኳ ወንበር ቢሰጡን አልጠላም።"

"አባባ፣ ትንሽ ይቻሉት" አላቸው ጎሹ።

ውድነሽ አላስቻላትም። "ይህን የምታውቀው ልጅቷ ናት" አለችና ደወለች። ሽማግሌ የመጣባት ልጅ በዚያ ቀን ድምፅዋ እንኳ በቤቱ መሰማት አልነበረበትም፤ ግን ምን ይደረግ። ስልኩ ለሁሉም እንዲሰማ ተደርጎ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ለወጉ ያህል ጣሪያውን እያዩ እንዳልሰሙ ሆኑ።

"ማነው ኮምፒውተሩን ያደሰው?" አለች ማስተዋል ነገሩን እንደሰማች።

"አባትሽ ነው፣ ትናንት" አለች ውድነሽ።

"ገባኝ" አለች። "ችግሩ ይህ ነው። ኮምፒውተሩ ታድሷል፣ ግን ሊገናኝ የሚሞክረው በድሮው ትዝታው ነው። የዋይፋዩን ስም ተጫኑና 'እርሳ' የሚለውን ንኩ። የድሮውን ከረሳ በኋላ እንደ አዲስ ይተዋወቃሉ።"

የፊደል ሰሌዳውን የሚችሉት መምህሩ ናቸውና እሳቸው ነኩት። ኮምፒውተሩ ረሳ። የዋይፋዩ ስም እንደ አዲስ ብቅ አለ። መምህሩ ተጫኑት። ያን ጊዜ በትልቁ ቴሌቪዥን መሃል ባዶ ሳጥን ተከፈተና "የይለፍ ቃል ያስገቡ" አለ።

"የይለፍ ቃሉ ምንድን ነው?" አሉ መምህሩ ጣታቸውን አሰናድተው።

  ከስልኩ የማስተዋል ድምፅ ቀጠን ብሎ መጣ። "አባዬ... እሱን አንተው ንገራቸው።" ዘጋችው። ውድነሽ ደግማ ብትደውል አላነሳችም።

እንግዲህ መንገሻን አስቡት። ቃሉን ቢናገር፣ ልጁን ሊጠይቅ መጥቶ የቆመውን ሰው በስሙ መስደብ ይሆናል፤ ዓመታት ሙሉ ሲዋሸው መኖሩም ይገለጣል። ጎሹ ተቀይሞ ቢወጣ ሌሎቹም ይከተሉታል፣ ጋብቻው እዚያው ይቀራል። ባይናገር ደግሞ ወንድሙ ይሄዳሉ። ራሱ እንዳይጽፈው የላቲን ፊደል አይለይም፤ ያን ጊዜም የጻፈችው ልጁ ናት። "ረሳሁት" የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ። ሚስቱ ቀና ብላ አየችው። እሷ ቃሉን ታውቃለች፤ እንደሚዋሽም አውቃለች።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። ወርቁ ናቸው። መንገሻ አላነሳውም። ልጁ አክስቷ ቤት ስልኳን በሁለት እጇ ጨብጣ ስትጠብቅ ታየችው። ያኔ ይሉኝታው ለቀቀው።

"ጎሹ" አለ። "ይህ ነገር ተበላሽቶ አያውቅም። አንተን ዘግቼብህ ነው። ስትጠይቀኝ ሁሉ ስዋሽህ ኖሬአለሁ። የይለፍ ቃሉም..." ወደ ጎሹ ቀረብ አለ። "የይለፍ ቃሉም ለአፍ አይመችም። ከተቀየምክ በእኔ ተቀየም፣ ልጄን ግን..."

ጎሹ እጁን አነሳና አስቆመው። ወደ መምህሩ ዞረ።

"መምህር፣ ይጻፉ። መጀመሪያ ኤል። ቀጥሎ ኢ። ከዚያ ትልቁን ጂ ያድርጉ። አዎ፣ የስሜ መጀመሪያ ስለሆነች ትልቋን።"

መንገሻ አፉን እንደከፈተ ቀረ፤ ልክ እንደዚያች ዜና አንባቢ። ጎሹ በትሩን ተደግፎ ፊደሉን አንድ በአንድ አስጻፈ፤ አንድም አልሳተ። መምህሩ መሃል ላይ ምን እየጻፉ እንደሆነ ሲገባቸው ትከሻቸው በሳቅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አዛውንቱ "ምን ይላል? ምን ይላል?" አሉ። ማንም ሳይመልስላቸው ኮምፒውተሩ ተገናኘ።

አቶ ወርቁ የሥራ ቆብ እንደደፉ በቴሌቪዥኑ ሙሉ ሆነው ብቅ አሉ። ከኋላቸው መኪናው ይንደቀደቃል። ሽማግሌዎቹ መቆማቸውን በዓይናቸው አዩና ፊታቸው በራ። "እሺ አባቶቼ፣ ምን ፈልጋችሁ መጣችሁ?"

"ልጃችሁን ለልጃችን" አለ ጎሹ።

"ልጃችንን በምን ታውቋታላችሁ?"

ጎሹ ለዚህ ጥያቄ የሚሆን ያማረ ንግግር አዘጋጅቶ ነበር። ተወው።

"እኔ ልንገርዎት" አለ። "ይህ ወንድምዎ አንድ ጊዜ ተናዶ ኢንተርኔቱን በስሜ ቆለፈብኝ። ለጎሹ አይሰጥም ብሎ። በዚያው ሳምንት ይህች ልጅ ዳቦ ልትገዛ መጣች። ገና ልጅ ናት። 'ጋሽ ጎሹ፣ አባቴ ተናዶ ነው እንጂ እንደሚወድዎት ያውቃሉ' አለችኝ። ስልኬን ተቀብላ ፊደሉን እያሳየችኝ ጻፈችው። ስሜ በሩን ሲከፍት አየሁ። ከሚስቴ ጋር እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ከዚያ ከስልኬ አጠፋሁት፤ እስከ ዛሬም አልገባሁበትም። የአባቷንም የጎረቤቷንም ልብ ሳትሰብር የያዘችን ልጅ ያወቅኋት ያን ቀን ነው። የናሁሰናይ አባት ሽማግሌ ሲፈልግ፣ 'እኔ እሄዳለሁ' ብዬ ቀድሜ የተነሳሁትም ለዚህ ነው።"

ወርቁ በሳቅ ሲንፈራፈሩ ቆባቸው ወደቀ። አንስተው ሲደፉ ዓይናቸው ረጥቦ ነበር። "ሰጥተናል" አሉ። "ብትቀመጡም ደስ ይለኛል።"

አዛውንቱ ግን ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ተቀምጠዋል። ውድነሽ እልልታዋን ለቀቀችው፤ ከአጥሩ ወዲያ የጎሹ ሚስት ተቀበለቻት።

ሁሉም ካበቃ በኋላ መንገሻ ጎሹን በሩ ድረስ ሸኘው። "ታዲያ ካልገባህበት፣ ይህን ሁሉ ዓመት 'ተስተካከለ?' እያልክ ለምን ትጠይቀኝ ነበር?"

"ኢንተርኔት ፈልጌ መስሎህ ነው?" አለ ጎሹ። "አንድ ቀን 'ተስተካክሏል፣ ና' ትለኛለህ ብዬ ነው።"

 መንገሻ አንገቱን አቀፈው። "ተስተካክሏል" አለው ከዚያ። "ና።"

የይለፍ ቃሉ ዛሬም ያው ነው። መንገሻ ሊቀይረው ቢነሳ ጎሹ ስሙ ያለበትን ነገር አላስነካም አለ። በሰርጉ ዕለትም ሆነ ከዚያ ወዲህ፣ መንገሻ ቤት የይለፍ ቃል የጠየቀ እንግዳ "ሂድና ጎሹን ጠይቅ" ይባላል። ጎሹም ዱቄት የነካው እጁን ጠረግ እያደረገ ፊደሉን አንድ በአንድ ይነግረዋል፤ ለጎሹ አይሰጥም የተባለውን የሚሰጠው ጎሹ ሆነ።

ወዳጆቼ፣ እኔ ከዚህ ታሪክ የያዝኩት ይህን ነው። ግድግዳችንን እንቀባለን፣ ስልካችንን እንቀይራለን፣ ራሳችንንም አዲስ ሰው ሆንኩ እንላለን፤ ውስጣችን ግን በድሮ ቂም ተቆልፎ "መገናኘት አልተቻለም" ይላል። መታደስ ብቻውን አያገናኝም። የድሮውን መርሳት ይጠይቃል፣ ከዚያም አፍ አውጥቶ እውነቱን መናገር ይጠይቃል። የዘጋንበት ሰው ደግሞ እኛ እንደምናስበው በሩ ላይ ተቀይሞ የቆመ ላይሆን ይችላል። ምናልባት ቁልፉ ከመጀመሪያው ጀምሮ በእጁ ነው፤ የቀረው "ና" መባል ብቻ ነው።

በእርስዎ ቤት የተቆለፈው በማን ስም ነው? ዛሬ ሲያገኝዎትና "ተስተካከለ?" ሲልዎት ምን ይመልሱለታል?